የኮሶዬ ግማሽ ቀን

ዙሌይካ ዐብዱረሕማን በዚያ የጥቅምት ቅዳሜ ማለዳ ወደ ሥራ ስትወጣ፣ የዕለቱ እንግዳዋ ማን እንደሆነ አታውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ። ከሐሙስ ጀምራ ታውቃለች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዶክተር አንዳርጋቸው ራሱ ጎንደር ፒያሳ ወዳለው የቱሪስት ቢሮ መጥቶ፣ ከጠረጴዛዋ ፊት ቆሞ፣ እንደማያውቃት ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ለቅዳሜ የግማሽ ቀን ጉብኝት እፈልጋለሁ፤ ለብቻዬ። ወደ ኮሶዬ» አላት።

የቢሮው ኃላፊ ከወዲያ ማዶ ካለው ወንበር ቀና ብለው፣ «ዶክተር፣ የተወለዱበትን አገር በአስጎብኚ ሊያዩት ነው?» ብለው ሳቁ።

«ለአራት ዓመት ልሄድ ነው። ዓይኔ ጠግቦት ልሂድ ብዬ ነው» አለ አንዳርጋቸው።

ዘመኑ 1975 ዓ.ም. ነው። የውጭ አገር ሰው ወደ ጎንደር የሚመጣው ከስንት ጊዜ አንዴ ነበር። ቢሮው አንድ ላንድሮቨር፣ አንድ ሾፌርና ሁለት አስጎብኚዎች ነበሩት። ሁለተኛው አስጎብኚ የቡልጋሪያ እንግዶችን ይዞ ባሕር ዳር ወርዷል። አንዳርጋቸው ይህን አጣርቶ ነው የመጣው። ቅዳሜ ወደ ኮሶዬ የምትወጣው ዙሌይካ እንጂ ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም።

የተዋወቁት እንፍራንዝ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በክረምቱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እሷ ገበሬዎችን ፊደል ልታስቆጥር ሄዳ ወባ ያዛት። እሱ አዲስ የተመረቀ ሐኪም ነበርና ዘማቾቹን ለማከም ተልኮ፣ ለብዙ ቀን ትኩሳቷን እየለካ አስታመማት። ስትድን ሌላ ትኩሳት ጀመራት። እሱ የቁስቋም መሪጌታ ልጅ ነው። እሷ የአዲስ ዓለሙ ነጋዴ የሐጂ ዐብዱረሕማን ልጅ ናት። ሁለቱ ቤቶች ለበዓል ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ለልቅሶ ይደራረሳሉ፤ ልጅ ግን አይሰጣጡም። ይህን ማንም ተቀምጦ አላስተማራቸውም፤ ከእናት ጡት ጋር የጠቡት ነው።

ጎንደር ውስጥ ሁለት ሰው ሳይታይ ጎን ለጎን የሚሄድበት መንገድ የለም። ስለዚህ አንዳርጋቸው ከሆስፒታሉ ስልክ ይደውልላትና፣ «ግንቡ ዛሬ ክፍት ነው?» ይላታል። «ክፍት ነው፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት» ትለዋለች። ይኸው ነው። ናፍቀሽኛል ማለቱ ነው፤ እኔም ናፍቀኸኛል ማለቷ ነው። የታመመ እንግዳ ይዛ ሆስፒታል ከመጣች ደግሞ፣ በሽተኛው እስኪታይ ድረስ በኮሪደሩ ላይ ቆመው በዓይናቸው ያወራሉ። ሦስት ዓመት በዚህ ኖሩ።

ከሁለት ሳምንት በፊት አባቷ አጠገባቸው አስቀመጧትና፣ የደሴው ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ አብዱልጀሊል ሽማግሌ እንደላከ ነገሯት። «ምን ትያለሽ?» አሏት። ዙሌይካ ዝም አለች። በነሱ ቤት የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነው። ይህን እያወቀች ዝም አለች፤ አፏን ብትከፍት የሚወጣው ቃል አባቷን የሚሰብር መስሏት ነው። በማግስቱ ለአንዳርጋቸው በስልክ ነገረችው። ሳያቋርጣት ሰማት። ከዚያ፣ «ደግ ሰው ነው?» አላት።

«ደግ ነው ይላሉ» አለችው።

ያቺ ጥያቄ ሁለት ሳምንት ሙሉ ልቧን ስትበላት ከረመች። ሊያስቀራት የፈለገ ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም ብላ አሰበች።

እንዲህም ሆኖ ቅዳሜ ማለዳ ሁለት ቀሚስ፣ የሟች እናቷን የወርቅ ጉትቻና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፊኬቷን በቦርሳዋ ከትታ ወጣች። ለራሷ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችው፦ ከጠየቀኝ እሄዳለሁ።

* * *

ሾፌሩ ጋሼ ሀብተሥላሴ ሁለቱንም ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ፣ ወሬ የሚወዱ ሰው ናቸው። ዙሌይካ እንደ ሥራ ደንቡ ከፊት ከሳቸው አጠገብ ተቀመጠች። አንዳርጋቸው ከኋላ ሆኖ የሚያየው የጉንጯን ግማሽና ከሻሿ ያመለጠች የፀጉር ዘለላ ነው። በከተማው መውጫ ኬላ ላይ ወታደሩ መታወቂያቸውንና የመውጫ ፈቃዳቸውን አገላብጦ አየና ገመዱን ለቀቀላቸው።

ወለቃን አልፈው ዳገቱን ሲጀምሩ፣ ዙሌይካ ፊቷን ወደ ኋላ ሳታዞር ማብራራት ጀመረች።

«በስተግራ የሚያዩት የገብስ ማሳ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ገብሱ የሚደርሰው ከቆላው ዘግይቶ ነው።»

«አመሰግናለሁ» አለ አንዳርጋቸው። የአጎቱ ማሳ ነበር።

«ያ ተራራ ላይ ያለው ዛፍ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። የገብርኤል ነው።»

«አውቀዋለሁ» ሊል ነበር፤ ተወው። ድምፅዋን መስማት ፈልጓል። ገብሱንም፣ ደኑንም፣ ድንጋዩንም እየጠራችለት እስከ ደባርቅ ብትወስደው ደስታው ነበር። እሷ ግን ዝም ካለች እንባዋ እንደሚመጣ ስለምታውቅ ነው የምትናገረው።

ጋሼ ሀብተሥላሴ በመስታወቱ ውስጥ እያዩት፣ «ዶክተር፣ የኛ ዙሌይካ ልትዳር መሆኗን ሰምተሃል? ለደሴ ሰው ነው አሉ የታጨችው። መቼም ቢሮው ያለሷ ምን ይሆናል» አሉ።

አንዳርጋቸው አንድ ነገር ማለት ነበረበት። ዝም ቢል ሽማግሌው ይነቁበታል፤ ያን ማታ ወሬው አዲስ ዓለም ይደርሳል፤ የምትጎዳው እሷ ናት።

«ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ ያለዎት» አላት።

«አሚን» አለች ዙሌይካ።

አንዲት ቃል ናት። እሱ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ልቧ ተቀብሎታል ማለት ነው አለ በሆዱ። እሷ ከፊት ወንበር ላይ፣ ሊሰናበተኝ ነው ያመጣኝ አለች በሆዷ። በመስኮቱ ገብሱ በነፋስ ወዲያና ወዲህ ሲል ይታያል። ሁለቱም ወደዚያው ያዩ ነበር፤ ያየው ግን የለም።

* * *

ኮሶዬ ላይ ምድሩ በድንገት ያልቃል። መንገዱ ዳር ቆመው ወደ ታች ሲያዩ፣ ገደሉ፣ ከገደሉ በታች ኮረብታው፣ ከኮረብታው በታች ደግሞ ቆላው በሰማያዊ ጭጋግ ተሸፍኖ ዓይን እስከሚችለው ይዘረጋል። ጋሼ ሀብተሥላሴ ከመኪናው ቀሩ። ሁለቱ የገደሉን አፋፍ ይዘው፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ወደሚነጩበት ሜዳ ሄዱ።

በሦስት ዓመት ውስጥ ብቻቸውን ሲሆኑ የመጀመሪያቸው ነው። ምን እንደሚያደርጉበት ጠፋቸው።

«ጭላዳ ይባላሉ» አለች ዙሌይካ፣ አሁንም አስጎብኚ ሆና። «ሣር ነው የሚበሉት።»

«ዙሌይካ፣ እዚህ እኮ ማንም የለም» አላት።

ፈገግ አለች። ከዚያም አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ በመካከላቸው ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተው። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

አንዳርጋቸው በልቡ ሁሉን አሰናድቷል። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ይበራል፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ጀርመን። በአውሮፕላኑ ላይ አንድ ተጨማሪ ቦታ እንዲያቆይለት በአየር መንገድ የሚሠራ ጓደኛውን ለምኗል። አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ይፈራረማሉ፤ እሱ እስኪያስመጣት እህቱ እቴነሽ ጋ ትቀመጣለች። ለእናቱ ለወይዘሮ ሐረገወይን እንኳ፣ ሊነግራቸው የሚገባውን ትናንት ነግሯቸው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውት አድረዋል። የቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ግን ያቺ «አሚን» ከለከለችው። ስለዚህ ስለ ሌላ ነገር ያወራ ጀመር። ስለ ጀርመን ብርድ አወራ። ስለ ጀርመንኛ ፊደላት አወራ። ሆስፒታሉ ውስጥ ስለጠፋ ብርድ ልብስ ሳይቀር አወራ። እሷም ጠየቀችው፤ መለሰላት፤ ሳቁም። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ሄደች፤ ቆላው ላይ የነበረው ጭጋግም ተገፈፈ።

በመጨረሻ፣ «አባትሽ እንዴት ናቸው?» አላት።

«ደህና ናቸው። ኪራይ ቤቶቻቸው ከተወረሱ ወዲህ ብዙም አይወጡም። ከመስጊድ ቤት፣ ከቤት መስጊድ ነው።»

«በሠርጉ ደስ ብሏቸዋል?»

«እሳቸው ደስ ብሏቸዋል» አለች። «እሳቸው» የምትለዋን ቃል ጫን ብላ ነው ያለቻት። ነፋስ ነበር፤ ጫናውን አልሰማውም።

ከዚያ አንዳርጋቸው ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። ዓይኖቿን ሲያይ፣ የደስተኛ ሙሽራ ዓይኖች እንዳልሆኑ አየ። ከእንፍራንዝ ጀምሮ የሚያውቃቸው ዓይኖች ናቸው፤ የሚጠብቁ ዓይኖች።

«ዙሌይካ፣ ዛሬ የመጣሁት አገር ለማየት አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ከመጠየቄ በፊት ግን…»

«ጠይቀኝ» አለች። ሁለት እጆቿን በቦርሳዋ ላይ አጥብቃለች። «ምንም በፊት የለውም። ጠይቀኝ።»

አፉን ሲከፍት ከገደሉ በታች የሰው ድምፅ መጣ። አንድ ሰው እየጮኸ ነው፤ የሚጮኸው ለመንገዱ ነው፦ «መኪና አለ? እናንተዬ፣ መኪና አለ?»

* * *

አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ከቆላው ወጡ። ላብ አጥምቋቸዋል። ቃሬዛው ላይ እታገኘሁ የምትባል ወጣት ሴት ተኝታለች። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ከፊት የሚመጡት ሽማግሌ፣ ምጧን ሰምተው ከደጋ የወረዱት አባቷ አያ አዳሙ ናቸው፤ የጮኹት እሳቸው ነበሩ። ባሏ ሚሊሺያ ሆኖ ኤርትራ ዘምቷል።

አንዳርጋቸው ተንበርክኮ ሆዷን ዳሰሰ፣ የልብ ትርታዋን አዳመጠ። ቀና ሲል ፊቱ ሐኪም ሆኗል። «ልጁ በጎን ነው። ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካላገኘች ሁለቱም አይተርፉም» አለ፤ ከዚያም ወደ ዙሌይካ አየ። ይቅርታ የሚለምን አስተያየት ነበር። እሷ ግን ተነሥታ ወደ መኪናው እየሮጠች ነው። የኋላውን በር እየከፈተች፣ «ጋሼ ሀብተሥላሴ፣ ወንበሩን እጠፉት» ትላለች።

«ልጄ፣ መኪናው ከእንግዳ በቀር ሰው እንዳይጭን ተከልክሏል። ኬላ ላይ ቢይዙን…» አሉና፣ ቃሬዛውን አዩ። አልጨረሱትም። «ይያዙን እንግዲህ። አምጧት፣ ቀስ ብላችሁ» አሉ።

የእታገኘሁን ራስ ዙሌይካ ጭኗ ላይ አደረገች። አንዳርጋቸው በወዲያ በኩል ተጎንብሶ የምጠኛዋን እጅ ይዟል። ሽማግሌው ከመኪናው ወለል ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን እግር አቅፈዋል። ቁልቁለቱ ላይ ደም መፍሰስ ጀመረ። «ጨርቅ» አለ አንዳርጋቸው። «ማናቸውም ንጹሕ ጨርቅ።»

ዙሌይካ ለአፍታ አመነታች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች። መጀመሪያ የወጣው ቢጫው ቀሚስ ነው፤ ቀጥሎ አረንጓዴው። ሁለቱንም ሰጠችው። ቦርሳው እንደተከፈተ ቀረ፤ ከሥሩ ሰርተፊኬቷና በመሐረብ የተቋጠረች ጉትቻ ይታያሉ። አንዳርጋቸው ቀሚሶቹን አጥፎ ሲያኖር ቦርሳውን አየ። የግማሽ ቀን ሥራ ለመሥራት የወጣች ሴት ሁለት ቀሚስ አትይዝም። ሰርተፊኬቷን አትይዝም። ቀና ብሎ አያት። እሷም አየችው፤ አልተሸሸገችም። ኮሶዬ ላይ ያን ሁሉ ሰዓት ስለ ብርድ ልብስ ሲያወራ፣ መልሱ ጉልበቷ ላይ ተቀምጦ ነበር።

የሚናገሩበት ቦታ አልነበረም። እታገኘሁ ትጮኻለች፤ የምትጠራው አባቷን ነው።

«አለሁ፣ ልጄ። አለሁ» ይላሉ አያ አዳሙ። ከዚያ ማንን እንደሚያናግሩ ሳያውቁ፣ «ሸጋ ሰው ነው ብዬ ለሩቅ ቆላ ሰው ዳርኋት። አንድ ናት ያለችኝ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ባዶ ነው። ማታ ማታ በሩ ድምፅ ባሰማ ቁጥር እሷ ትመስለኛለች። ምነው ሰደድኋት? ምነው?» ይላሉ። ዙሌይካ የሽማግሌውን ራስ ከላይ ታየዋለች። መሐሉ ላይ ፀጉሩ ሳስቷል፤ ልክ እንደ አባቷ። አባቷም አንድ ልጅ ነው ያላቸው። የአባቷም ቤት እናት የለበትም። ኬላው ላይ ወታደሩ ምጠኛዋን አይቶ ገመዱን ሲለቅላቸውም፣ ጎንደር እስኪደርሱም ድረስ ከዚያ ራስ ላይ ዓይኗን መንቀል አልቻለችም።

* * *

ተረኛው ቀዳጅ ሐኪም ለጉዳይ ወጥቶ ስለነበር አንዳርጋቸው እጁን ታጥቦ ራሱ ገባ። ዙሌይካና አያ አዳሙ ግቢው ውስጥ ከባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ጋሼ ሀብተሥላሴ መኪናውን ሊያጥቡ ሄዱ። ሽማግሌው ይጸልያሉ፤ እሷም በልቧ ትጸልያለች።

የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ትንሽ ቆይታ ነርሷ ወጣችና፣ «ሁለቱም ደህና ናቸው። ሴት ልጅ ናት» አለች። አያ አዳሙ የዙሌይካን ሁለት እጆች ይዘው ሳሙ። ከዚያ ልጃቸውን ሊያዩ ገቡ።

አንዳርጋቸው ወጣ። ሸሚዙ ደም ነክቶታል፤ ፊቱ ገርጥቷል። አውሮፕላኑ ሊነሣ የቀረው ጊዜ ትንሽ ነው። ወደ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው የሆስፒታሉ መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ደጅ ቆሟል።

«ከእኔ ጋር ነይ» አላት።

ሌላ መቅድም አልነበረውም። ማለዳ ያጠናውን ሁሉ ረስቶታል።

«በአውሮፕላኑ ላይ ቦታ አለሽ። አዲስ አበባ እንፈራረማለን። እህቴ ታውቃለች፣ እየጠበቀችሽ ነው። ነይ።»

«ኮሶዬ ላይ ብትጠይቀኝ እመጣ ነበር» አለች ዙሌይካ።

«ልጠይቅሽ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። ለመጠየቅ ስትነሣ አይቻለሁ።» ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «ማንም አላጠፋም፣ አንዳርጌ። እነዚያ ሰዎች መምጣት ነበረባቸው። ባይመጡ እሷ ትሞት ነበር።»

«ታዲያ አሁን ምን ተለወጠ? ቦርሳሽን አይቻለሁ። ልትመጪ ነበር።»

«ልመጣ ነበር።»

«ታዲያ?»

ወደ ሕሙማኑ ክፍል በር አየች። «እኒያ ሽማግሌ መኪናው ውስጥ ሲናገሩ ሰምተሃል። እኔ ከኮሶዬ ቀጥታ አዘዞ ብሄድ፣ አባቴን ሳላስብ እሄድ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ እሄድ ነበር። አሁን ግን በኒያ ሽማግሌ አባቴን አየኋቸው፤ መሬት ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ቤት ሄጄ ሳላያቸው ብወጣ ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ሆነው ይታዩኛል። ካየኋቸው ደግሞ አልወጣም።»

«ስልክ ላይ የነገርሽኝ ቀን መምጣት ነበረብኝ።»

«‹ደግ ሰው ነው?› አልኸኝ። ለምን እንደዚያ አልኸኝ? ሁለት ሳምንት ሙሉ ምክንያቱን ፈልጌ አጣሁት።»

«ደግ አይደለም ብትዪኝ የዚያኑ ቀን እመጣ ነበር። ‹ደግ ነው› ስትዪኝ… የኔ ከሱ የሚበልጠው በምንድን ነው አልኩ። የምሰጥሽ የአባት እርግማንና አራት ዓመት ጥበቃ ነው። ደግሞ ዛሬ ‹አሚን› ስትዪ…»

«‹እንኳን ደስ ያለዎት› ስትለኝ ምን ልበልህ? ጋሼ ሀብተሥላሴ አጠገቤ ተቀምጠው?»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ ነው እንባው የቀደማቸው። አንዳርጋቸው እጇን ያዘ። ሦስት ዓመት ሙሉ በሰው ፊት ያልያዛት እጅ ነው። ግቢው ውስጥ አስታማሚዎች አሉ፣ ነርሶች ይመላለሳሉ፣ ከአዲስ ዓለም የመጡ ሁለት ሴቶች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ዙሌይካ እጇን አልነጠቀችውም። የምትፈራው ነገር ሁሉ አልፎ ነበር።

«ልጠብቅሽ?» አላት። «አራት ዓመት ቀላል ነው። ለአባትሽ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው፤ እኔ እጠብቃለሁ።»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ የነበረው ተስፋ ነው የጎዳት። እሺ ብትለው ይጠብቃል፤ ታውቀዋለች። እሷ ግን ለአባቷ መንገር እንደማትችል ደግሞ ከሱ ይልቅ ታውቃለች። አፏን መክፈት የሚገባት ቀን ዝም ያለች ሰው ናት።

«አትጠብቀኝ» አለችው። «በባዶ ሜዳ አታቁማት ነፍስህን። ሂድ።»

የመኪናው ሾፌር ሁለተኛ ጊዜ ጥሩንባ ነፋ። አንዳርጋቸው እጇን ለመልቀቅ አንድ ጣት አንድ ጣት እያለ ነው የለቀቀው። ጥቂት ሄዶ ዞረ፤ የሚለው ያለ መስሏት ጠበቀች። ያየው ፊቷን ብቻ ነበር፣ እንዳይረሳው። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገባ። ዙሌይካ ባሕር ዛፉን ተደግፋ ቆመች። እግሯ ሮጦ እንዳይከተለው ዛፉን አጥብቃ ይዛው ነበር።

* * *

አውሮፕላኑ ሲያልፍ የከሰዓት በኋላው የአሱር ሰላት ሰዓት ነበር። ሐጂ ዐብዱረሕማን ሰግደው ሲጨርሱ ልጃቸው ከደጃፉ ላይ ቆማ አገኟት። ልብሷ ላይ የደረቀ ደም አለ።

«የኔ አይደለም፣ አባዬ። አንዲት ወላድ ከኮሶዬ አምጥተን ነው። ድናለች።»

«አልሐምዱሊላህ።» አጠገባቸው እንድትቀመጥ ምንጣፉን አመለከቷት። ትንሽ ቆይተው፣ «ዛሬ እንግዳሽ ማን ነበር?» አሏት።

«አንድ ሐኪም ነው።»

«የቁስቋሙ መሪጌታ ልጅ?»

ዙሌይካ ቀና ብላ አየቻቸው። አባቷ ግን አልተቆጡም። መቁጠሪያቸውን በቀስታ እያንቀሳቀሱ፣ ወደ መሬት እያዩ ነው የሚናገሩት።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲነግረኝ ነበር። አንቺ እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅሁት። ስለ አብዱልጀሊል የጠየቅሁሽ ቀን፣ አሁንስ ትነግረኛለች አልሁ። ዝም አልሽ። የተውሽው መሰለኝ።»

«ብነግርዎ ምን ይሉኝ ነበር?»

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። «መርቄ አልሰጥሽም ነበር። ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም፤ ይህን አልዋሽሽም። አለቅስ ነበር። ምናልባት ዓመት፣ ምናልባት ሁለት ዓመት አለቅስ ነበር። ግን አልረግምሽም። በሬንም አልዘጋብሽም ነበር። ዛሬ የት እንደምትሄጂ፣ ከማን ጋር እንደምትሄጂ ትናንት ሰምቻለሁ። ላትመለሺ ትችያለሽ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ልቤን ሳለማምድ ነው ያደርሁት። ማለዳ ስትወጪ ለምጄው ነበር።»

ደጁ ላይ ሰዎች እየተሳሳቁ አለፉ።

«ሄደ?» አሏት።

«ሄደ።»

«አንቺስ ለምን ቀረሽ፣ ልጄ?»

ዙሌይካ የአባቷን ፊት አየች። እውነቱን ብትነግራቸው፣ ዛሬ ያጣችው ሁሉ በሳቸው ላይ የሚወድቅ ዕዳ ሊሆን ነው። ለመሸከም አቅም የላቸውም። እሷም አልነበራትም፤ ግን እሷ ወጣት ናት።

«አልጠየቀኝም፣ አባዬ» አለች።

ሐጂ ዐብዱረሕማን ራሷን ወደ ጉልበታቸው ሳቡና እጃቸውን በሻሿ ላይ አኖሩ። «እንግዲያስ ሞኝ ነው» አሉ፣ ሊያጽናኗት። እሷም ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ፣ ስለሱ እንደዚህ ሲባል ዝም ብላ ሰማች። በዚያ ቀን ከደረሰባት ሁሉ ይበልጥ የጎዳት ያ ነበር።

በጥር ተሞሸረች። አብዱልጀሊል እንደተባለውም ደግ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ አባቷንም ደሴ ድረስ አስመጥቶ እንደ ራሱ አባት ጦራቸው። እሳቸውም ነፍሳቸው እስክትወጣ ድረስ፣ ያ የቁስቋም ልጅ እንዲህ ያለችውን ልጅ ሳይጠይቃት መሄዱ እየገረማቸው ኖሩ።